ከለቀማ በኋላ ያለው ሳምንት

ስለ 12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና የመጨረሻ ዝግጅት በጌዴኦ ዞን በአሪቻ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለተፈታኞች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር

የዚህ ንግግር ዓላማ አንድ ጥያቄ አንሥቶ በእርጋታ መመርመር ነው፤ ጥያቄውም የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ሊሰጥ ሰባት ቀን ሲቀረው ተማሪው፣ ቤተሰቡና ትምህርት ቤቱ ምን ቢያደርጉ ይበጃል የሚል ነው። ንግግሩ አራት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያው ክፍል ፈተናው ምን እንደሆነ፣ ከአንድ ሳምንትም ምን እንደሚጠበቅና ምን እንደማይጠበቅ ይብራራል፤ በሁለተኛው ስለ ክለሳ፣ በሦስተኛው ስለ እንቅልፍ ይነገራል፤ በአራተኛው ደግሞ ስለ ፍርሃትና ስለ አሉባልታ፣ በመጨረሻም ተፈታኙን ከብቦ ስላለው ቤተሰብና ማኅበረሰብ ድርሻ ይወሳል።

በልማድ እስከ ዛሬ «ማትሪክ» እየተባለ የሚጠራው ይህ ፈተና በረጅም ዘመኑ መልኩን ደጋግሞ ቀይሯል። ከ1990ዎቹ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ተማሪው በሁለት በር ያልፍ ነበር፤ የ10ኛ ክፍል ፈተና ወደ መሰናዶ የሚገባውን ይለያል፣ የ12ኛ ክፍሉ ደግሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያልፈውን ይወስናል። የመጀመሪያው በር ከተነሣ ወዲህ ሸክሙ ሁሉ በ12ኛ ክፍሉ ላይ ወደቀ። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛ ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛዎች በመሰራጨቱ ፈተናው ተቋርጦ በሌላ ጊዜ እንዲሰጥ መደረጉ ይታወሳል። እንዲህ ያለው ስርቆትና በየፈተና ጣቢያው የተስፋፋው ኩረጃ ካስከተላቸው ለውጦች ትልቁ፣ ከ2014 የትምህርት ዘመን ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ መወሰኑ ነው። በዚህም ምክንያት የአንድ ገጠር ቀበሌ ልጅ ቤቱንና ሰፈሩን ትቶ፣ ዲላ ዩኒቨርሲቲን በመሰለ ግቢ ውስጥ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር አድሮ ይፈተናል። ፈተናውን የሚያዘጋጀውና የሚያርመው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል፤ የማኅበራዊ ሳይንሱ ተማሪ በመጨረሻዎቹ ሦስቱ ፈንታ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይወስዳል። አፕቲትዩድ የሚባለው ከአንድ የትምህርት ዓይነት የተወሰደ ዕውቀት ሳይሆን በቃልና በቁጥር የማመዛዘን ችሎታን የሚለካ ፈተና ነው።

የውጤቱ ቁጥር ሳይነገር ቢታለፍ ንግግሩ እውነተኛ አይሆንም። በዩኒቨርሲቲዎች በተሰጠው የመጀመሪያው ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.3 ከመቶ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 ወይም 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 36,409 ወይም 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 48,929 ወይም 8.4 ከመቶ አልፈዋል። መሻሻሉ ያለ ቢሆንም ከ10 ልጆች 9ኙ መግቢያውን ሳያገኙ የሚመለሱበት ፈተና የአንድ ሳምንት ጉድለት ውጤት ሊሆን አይችልም፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተጓደለው መጽሐፍ፣ የጠፋው መምህርና የተዘጋው ክፍል ተደምሮ የሚታይበት ሒሳብ ነው። በእነዚህ ዓመታት ለፈተና የሚቀመጡት ልጆች በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ መፈናቀሉ በደረሰ ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም. መጋቢትም በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሁሉ በተዘጋ ጊዜ በዝቅተኞቹ ክፍሎች ይማሩ የነበሩ ናቸው። ስለዚህ ወላጅ ልጁን፣ መምህርም ተማሪውን በእነዚህ ቁጥሮች ከመውቀሱ በፊት ልጁ ያለፈበትን መንገድ ማስታወስ ይገባዋል።

እንግዲህ የአሥራ ሁለት ዓመት ጉድለት በሰባት ቀን የማይሞላ ከሆነ ሳምንቱ ለምን ይጠቅማል? መልሱን ለማስረዳት ከአሪቻ ሰው የተሻለ የሚያውቀው የለምና የታጠበ ቡናን ሥራ ማስታወስ ይበቃል። ቀዩ እሸት ከዛፉ ተለቅሞ መፈልፈያው ጣቢያ በደረሰበት ሰዓት የዓመቱ ምርት መጠን ተወስኗል፤ ከዚያ በኋላ ማንም በጥበቡ አንዲት ፍሬ ሊጨምርበት አይችልም። ሆኖም ሥራው አላለቀም፤ ፍሬው ከተፈለፈለና በገንዳ ከተብላላ በኋላ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ ሴቶቹ ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው የተሰበረውንና የጠቆረውን እየለቀሙ ያወጣሉ፣ የቀረው ደግሞ እኩል እንዲደርቅ ደጋግሞ ይገላበጣል፣ ፀሐይ ሲበረታ እንዳይሰነጠቅ፣ ሲመሽም ጤዛ እንዳይነካው ይሸፈናል። በእነዚህ ቀናት የተዘናጋ ሰው ዓመት የደከመበትን ቡና ያሻግታል፤ የተጠነቀቀ ግን ያንኑ ቡና ስሙን አስጠርቶ ይሸጠዋል። የፈተናው የመጨረሻ ሳምንትም እንደዚሁ ከለቀማ በኋላ ያለ ሳምንት ነው፤ ተማሪው በሚያውቀው ላይ ብዙ ሊጨምርበት ባይችልም የሚያውቀውን በተፈለገ ሰዓት እንዲያገኘው አድርጎ ሊያደርቀው፣ ሊለቅመውና ከጤዛ ሊሸፍነው ይችላል። የዚህ ንግግር አንዱና ዋናው ሐሳብ ይህ ነው፤ ቀጣዮቹ ክፍሎች ሁሉ ከእርሱ ይመነጫሉ።

ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም ወደ ክለሳ ሲታለፍ፣ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ዕውቀት በአእምሮ ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚጠፋ ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ምሁር ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በቃሉ እየያዘ፣ ምን ያህሉን መቼ እንደሚረሳ በራሱ ላይ ለዓመታት ከለካ በኋላ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። የተጠናው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በፍጥነት ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ ይዘገያል፤ የተረሳውን መልሶ ለመያዝ የሚጠይቀው ጊዜ ግን መጀመሪያ ከወሰደው ያነሰ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። በአንድ ሌሊት የተጠቀጠቀ ምዕራፍ በማግሥቱ ብዙው ይፈስሳል፤ ቀድሞ ተጠንቶ የተረሳ የመሰለ ምዕራፍ ግን በአጭር ክለሳ ይመለሳል። የአማርኛው ተረት «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የመጀመሪያውን በአጭሩ ይዞታል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የተማረው ሁሉ ጠፍቶበት ለሚጨነቅ ተማሪ ትልቅ መጽናኛ ነው።

ክለሳው ግን እንዴት ይሁን? አብዛኛው ተማሪ የሚያውቀው መንገድ ደብተሩን ከፍቶ ደጋግሞ ማንበብ ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ይህን ልማድ ፈትነውታል። አንደኛው የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት የጥናት ጊዜ ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው ቡድን በአንዱ የጥናት ጊዜ ብቻ አንብቦ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ዘግቶ የሚያስታውሰውን በባዶ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 83 ከመቶውን ሲያስታውሱ የጻፉት 71 ከመቶውን ብቻ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ያነበቡት 40 ከመቶ፣ ዘግተው የጻፉት 61 ከመቶ አስታወሱ። የሚያስገርመው ደግሞ ከሳምንት በኋላ የበለጠ እናስታውሳለን ብለው የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት መሆናቸው ነው። ደጋግሞ የተነበበ ገጽ ለዓይን ይለመዳል፤ አንባቢው ይህን መልመድ እንደ ማወቅ ይቆጥረዋል፤ የፈተና ወረቀት ፊቱ ሲቀመጥ ግን ገጹ የለም፣ ያለው ከአእምሮው ማውጣት የሚችለው ብቻ ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት የሚሠራው ዋና ሥራ ማስገባትን ሳይሆን ማውጣትን መለማመድ መሆን አለበት።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል አንድ ሰዓት የጥናት ጊዜ በቅርብ ሲታይ ይገባል። ተማሪው የፊዚክስ ደብተሩን ዘግቶ፣ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ፣ ስለ ቀጥተኛ እንቅስቃሴ የሚያስታውሰውን ቀመርና ትርጉም ሁሉ በ10 ደቂቃ ይጽፋል፤ ከዚያ ደብተሩን ከፍቶ የጎደለውን በሌላ ቀለም ይሞላል፤ ከዚያም ካለፉት ዓመታት ወረቀት ጥያቄ እያወጣ ይሠራል። እንበልና ጥያቄው፣ ከቆመበት ተነሥቶ በየሰከንዱ ፍጥነቱ በ2 ሜትር በሰከንድ የሚጨምር መኪና በ10 ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል ርቀት ይሄዳል የሚል ይሁን። ትክክለኛው መልስ 100 ሜትር ነው። 20 ያለ ተማሪ ርቀትን ከመጨረሻው ፍጥነት ጋር አምታቷል፤ 200 ያለ ተማሪ ቀመሩን ያውቃል፣ ግን በሁለት ማካፈሉን ዘንግቷል። ሁለቱም መልሳቸው ላይ ኤክስ ቢደረግባቸውም ሕመማቸው አንድ አይደለም፣ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። በመሆኑም ተማሪው ለሳምንቱ አንድ ቀጭን ደብተር ለይቶ የሳተውን ጥያቄ፣ የሳተበትን ምክንያትና ትክክለኛውን አሠራር በሦስት በአራት መስመር ቢመዘግብና በየማግሥቱ ጠዋት መጀመሪያ ያንን ደብተር ቢከልስ፣ በአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው የጠቆረውን ቡና እንደሚለቅሙት ሴቶች ጉድለቱን በዓይኑ እያየ አንድ በአንድ ያወጣል።

የትኛው ምዕራፍ ይቅደም የሚለውም ጥያቄ አብሮ የሚነሣ ነው። ፈጽሞ ያልተነካ ምዕራፍ በዚህ ሳምንት ብዙ ሰዓት ይበላል፣ የሚመልሰውም ነጥብ ጥቂት ነው፤ በደንብ የሚታወቀው ምዕራፍ ደስ ያሰኛል እንጂ የሚጨምረው የለም። ትርፉ ያለው በመካከል፣ ማለትም ተማሪው በከፊል በሚያውቀውና ግማሹን ጥያቄ እየመለሰ ግማሹን በሚስተው ምዕራፍ ላይ ነው። ስድስቱ የትምህርት ዓይነቶችም አንዱ በአንድ ቀን፣ ሌላው በሌላ ቀን ተዘግተው ከሚጠኑ፣ በየቀኑ ሁለት ወይም ሦስት እየተፈራረቁ ቢጠኑና በሁለት በሦስት ቀን ልዩነት ቢመለስባቸው ይሻላል። ከፈተናው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ደግሞ አዲስ ነገር መጀመር ቢቀር መልካም ነው።

ለጌዴኦ ልጅ በዚህ ላይ የቋንቋ ነገር ይጨመራል። በአንደኛ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች በጌዴኡፋ የተማረ፣ በገበያና በመንግሥት ቢሮ አማርኛ የሚሰማ ልጅ የሚፈተነው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለሆነም አንዳንድ ጊዜ ጥያቄውን የሚስተው ሐሳቡን ስላላወቀው ሳይሆን ቃሉን ስላላወቀው ይሆናል። እንሰትና ቡና ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተሰባጥረው ከሚያድጉበት፣ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር የወጣ ልጅ፣ ዛፍ አፈርን እንዴት እንደሚይዝና ጥላ ለቡና ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፉ በፊት ያውቃል። ይህን ዕውቀት ወደ ነጥብ የሚለውጥለት አንድን ሐሳብ መጀመሪያ ለጓደኛው በገዛ ቋንቋው ማስረዳት፣ ቀጥሎም ያንኑ በእንግሊዝኛ በሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። በቋንቋው ማስረዳት ካልቻለ ሐሳቡን አላወቀውም፤ በእንግሊዝኛው ብቻ ከተሰናከለ ግን የጎደለው ቃል ነውና ቃሉን ጽፎ ይይዘዋል።

ሦስተኛው ክፍል ስለ እንቅልፍ ነው። በየቤቱና በየኪራይ ክፍሉ «ጎበዝ ተማሪ» የሚባለው ሌሊቱን በሻማ ወይም በባትሪ ብርሃን የሚያነጋው ነው፤ ወላጅም ልጁ ሲተኛ ካየ ይሰጋል። ይሁን እንጂ እንቅልፍ ከጥናት የተሰረቀ ጊዜ አይደለም፤ የጥናቱ ሁለተኛ ግማሽ ነው። ጆን ጄንኪንስና ካርል ዳለንባክ እ.ኤ.አ. በ1924 ባሳተሙት ሙከራ ሁለት ተማሪዎች ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላትን አጥንተው አንዳንድ ጊዜ ተኙ፣ አንዳንድ ጊዜ ነቅተው ዋሉ፤ እኩል ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲጠየቁ ከእንቅልፍ በኋላ ያስታወሱት ነቅተው ከዋሉበት ቀን እጅግ የበለጠ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ብዙ ጥናቶች አእምሮ በእንቅልፍ ጊዜ ቀን የተቀበለውን እንደሚያጸናው አረጋግጠዋል። ገንዳ ውስጥ የገባ ቡና ሰው ሳይነካው እንደሚብላላ ሁሉ የተጠናውም ነገር ተማሪው በተኛበት ሰዓት ይበስላል። ሌሊቱን ያነጋ ተማሪ ግን ያልበሰለውን ይዞ ይገባል፤ ከዚህም ሌላ የደከመ ዓይን በጥያቄው ውስጥ ያለችውን «አይደለም» የምትል አንዲት ቃል ዘልሎ ያውቀው የነበረውን ይስታል።

በዚህ አገር ስለ እንቅልፍ ሲነገር ስለ ቡና ዝም ማለት አይቻልም። ቡና ውስጥ ያለው ንቁ ንጥረ ነገር ካፌይን ይባላል፤ እንቅልፍን የሚጠራውን የአንጎል መልእክት ይጋርዳል እንጂ ድካሙን ራሱን አያስወግደውም። በጤነኛ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ግማሹ እንኳ ለመውጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት 400 ሚሊግራም ካፌይን፣ ማለትም በርከት ያሉ ስኒዎች የሚይዙት መጠን፣ ከመኝታ ስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ ቢወሰድ እንኳ የሌሊቱን እንቅልፍ ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚያሳጥር አሳይቷል። እንግዲህ አመሻሽ ላይ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ተፈታኝ አልጋው ላይ ሆኖ ቢገላበጥ የሚያስደንቅ አይደለም። የአሪቻ ልጅ ቡናውን ይተው ማለት ሰሚ የማያገኝ ምክር ነው፤ በዚህ ሳምንት ግን ስኒው ከቀትር በፊት ይሁንለት ማለት ይቻላል። ለጥናት ያነቃል እየተባለ በተማሪዎች ዘንድ የሚለመደው ጫትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የዛሬን ሌሊት ከነገ ቀን ላይ ይበደራል፣ ብድሩም የሚከፈለው በፈተናው ሰዓት ነው። ተፈታኙ በሳምንቱ ውስጥ የመኝታና የመነሻ ሰዓቱን ወደ ፈተናው ቀን ሰዓት አስቀድሞ ቢያስጠጋ፣ በግቢው የመጀመሪያ ጠዋት ሰውነቱ አይደነግጥም።

የግቢው ቆይታ ራሱ ከዝግጅቱ አንዱ አካል ነው። ተፈታኞች ከፈተናው ቀን ቀደም ብለው ገብተው ገለጻ ይሰጣቸዋል፤ ስልክና ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ፈተናው በቅርብ ዓመታት በአብዛኛው በሰኔ ማብቂያና በሐምሌ ይሰጥ ስለነበር ወቅቱ ዝናብና ብርድ ነው። የመፈተኛ ካርድ፣ መታወቂያ፣ የተቀረጸ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ የሚሞቅ ልብስና ብርድ ልብስ በመጨረሻው ምሽት በጥድፊያ የሚፈለጉ መሆን የለባቸውም፤ ከሦስት ቀን በፊት በአንድ ቦርሳ ተሰብስበው ቢቀመጡ ልጁ በመጨረሻው ሌሊት የሚያስበው ነገር ይቀንሳል። የጠፋ ካርድ የሚያስደነግጠውን ያህል የከበደ የፊዚክስ ጥያቄ አያስደነግጥም።

አራተኛውና የመጨረሻው ክፍል በፍርሃትና በአሉባልታ ይጀምራል። ሳምንቱ በገባ ቁጥር በቴሌግራም «ፈተናው ወጣ» የሚል ወሬ ይናፈሳል፤ አንዳንዱ ገንዘብ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ ያለፈ ዓመት ወረቀት ቀኑን ቀይሮ ይለጥፋል። በ2008 ዓ.ም. የደረሰው እውነት ስለነበረ ወሬው ዛሬም አማኝ አያጣም። ይህን የሚያሳድድ ተማሪ የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ለክለሳ የነበሩትን የመጨረሻ ሰዓታት ያጣል፤ ሁለተኛ፣ ያገኘው የሐሰት መልስ የሚያውቀውን እንኳ ያጠራጥረዋል፤ ሦስተኛና ከሁሉም የከፋው፣ ሌላ ሰው መልሱን ይሰጠኛል ብሎ ያመነ ልብ የራሱን አእምሮ መጠየቅ ይተዋል። በእጅ መዳፍና በወረቀት ቁራጭ የሚጻፈው አጤሬራም ከዚሁ አይለይም። በሽምደዳም ሆነ በኩረጃ የተገኘ ነጥብ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ይጋለጣል፤ እዚያም ተማሪው የሚያፍረው ከቤተሰቡ ርቆ ብቻውን በሆነበት ቦታ ነው።

ፍርሃት ግን ሐሰተኛ ስላልሆነ በተግሣጽ አይባረርም። ከደጃፍ እስከ አደባባይ ሰው ሁሉ «እንዴት ነው፣ ታልፋለህ?» እያለ የሚጠይቀው ልጅ ቢፈራ ተፈጥሮው ነው። ፍርሃቱ የሚጎዳው የአእምሮን የሥራ ቦታ ስለሚይዝበት ነው፤ ተማሪው በአንድ ጊዜ ሊይዘው ከሚችለው ሐሳብ ከፊሉ «ብወድቅስ» በሚል ጥያቄ ይሞላል። ጄራርዶ ራሚሬዝና ሳያን ቤይሎክ እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ስለ ፈተናው የሚያስጨንቃቸውን ሁሉ በወረቀት ላይ የጻፉ፣ ፈተና የሚፈሩ ተማሪዎች ውጤታቸው እንደ ተሻሻለ አሳይተዋል። የተጻፈ ጭንቀት ከአእምሮ ወደ ወረቀት ይወርድና ቦታ ይለቃል። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ በማንኛውም ቀበሌ ሊደረግ የሚችል ነገር ስለሆነ በሳምንቱ ውስጥ በየምሽቱ ቢለመድ ይጠቅማል። በአዳራሹም ውስጥ ሥርዓት ፍርሃትን ያሸንፋል፤ መመሪያውን እስከ መጨረሻው ማንበብ፣ የተሰጠውን ደቂቃ ለጥያቄዎቹ ብዛት ማካፈል፣ ያስቸገረውን ምልክት አድርጎ ማለፍና መመለስ፣ በወረቀት ለሚፈተን ደግሞ የጥያቄው ቁጥርና በመልስ ወረቀቱ ላይ የጠቆረው ክብ መመሳሰላቸውን በየአሥሩ ጥያቄ ማመሳከር ይገባል። አንድ ጥያቄ ተዘልሎ ክቡ ሳይዘለል ቢቀር ከዚያ በታች ያለው ትክክለኛ መልስ ሁሉ ወደ ስህተትነት ይለወጣል፤ የሚያርመው ማሽን የሚያነበው የጠቆረውን እንጂ የታሰበውን አይደለም።

ስለ ቤተሰብና ማኅበረሰብ ድርሻ ሲነገር አንድ የሩቅ አገር ምሳሌ ይጠቅማል። በደቡብ ኮሪያ በኅዳር ወር በሚሰጠው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ቀን፣ የእንግሊዝኛ የማዳመጥ ጥያቄ በሚሰጥባቸው ደቂቃዎች ተማሪዎቹ እንዳይረበሹ አውሮፕላን እንዳይነሣና እንዳያርፍ ይደረጋል። የጌዴኦ ቤተሰብ የሚያቆመው አውሮፕላን የለውም፤ የሚያቆመው ሌላ ብዙ ነገር ግን አለው። ከገጠር መጥቶ ከተማ ውስጥ በኪራይ ክፍል የሚማረው ልጅ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ስንቁን ለመውሰድ ነው፤ ከእንሰት የተሠራ ዋሳውንና ጎመኑን ተሸክሞ በጭቃ ይመለሳል፤ በዚያ ሳምንት ስንቁን ታላቅ ወንድሙ ወይም አባቱ ቢያደርስለት ሙሉ ቀን ይተርፈዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ ሸክም የማቅለል ነገር የሚመለከተው ሴት ልጅን ነው። ውኃ የምትቀዳው፣ እንጨት የምትለቅመው፣ ቡና የምታፈላውና ታናናሾቿን የምትይዘው እርሷ ስለሆነች፣ ወንድሟ ሲያጠና እርሷ ትሠራለች፣ እርሷ የምታጠናው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። በአንድ ፈተና የሚቀመጡ ወንድምና እኅት የተለያየ ሳምንት ከተሰጣቸው ፍርዱ ገና ከቤት ተዛብቷል። ለሰባት ቀን እንስራውን ሌላ ሰው ቢሸከም ቤቱ አይፈርስም። በሶንጎ፣ በባህላዊው ሸንጎ፣ የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎችም የተፈታኞች ሳምንት በደረሰ ጊዜ ልጆቹ ከሥራና ከመልእክት ነፃ እንዲሆኑ አንድ ቃል ቢናገሩ፣ ያ ቃል ከብዙ ማስታወቂያ የበለጠ ይሰማል።

መምህራንም ቢሆኑ በዚህ ሳምንት የሚሠሩት አለ። ያልተሸፈኑ ምዕራፎችን ለመጨረስ በጥድፊያ ከሚያስተምሩ፣ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን በተማሪው ፊት እየሠሩ የሚሳትበትን ቦታ ቢያሳዩት ይበልጣል። ወላጅ ደግሞ ጥያቄውን ቢቀይር መልካም ነው፤ «ታልፋለህ ወይ?» ከሚለው «ዛሬ ምን ያስቸገረህ ነገር አለ?» የሚለው ይሻላል፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ልጁ ሊመልሰው የማይችለው ነው፣ ሁለተኛውን ግን መመለስ ይችላል፣ ሲመልስም ይቀልለዋል። ከፈተናው በኋላ ሊመጣ ስላለው ውጤትም ቀድሞ መነጋገር ፍርሃትን ይቀንሳል። ግማሹን ነጥብ ያላገኘ ልጅ ሕይወቱ አልተዘጋም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማለፊያውን ካላገኙት መካከል ለተመረጡ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠው የሪሜዲያል ማለትም የአቅም ማሻሻያ ትምህርት አለ፤ የሙያና ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ ድጋሚ መፈተንም አለ። ይህን የሚያውቅ ልጅ አዳራሹ ውስጥ የሚገባው ለመሞት ወይም ለመዳን ሳይሆን የሚያውቀውን ለመጻፍ ነው።

እስከ አሁን የተባለው ሲጠቃለል፣ ፈተናው የዓመታት ሥራ የሚለካበት ስለሆነ በአንድ ሳምንት አይሠራም፤ በአንድ ሳምንት ግን ሊበላሽ ወይም ሊጠበቅ ይችላል። የሚጠበቀውም ደብተርን ዘግቶ በመጻፍ፣ ስህተትን አንድ በአንድ በመልቀም፣ ሌሊቱን በመተኛት፣ ወሬውን ባለመስማትና ቤተሰቡ ሸክሙን ለሰባት ቀን በማንሣት ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከአሪቻ ቤት አቅም በላይ የሆነ አንዳች ነገር የለም። አንዲት እናት ማታ ዝናብ ሲያንዣብብ ከእራት ተነሥታ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ለመሸፈን እንደምትሮጥ ሁሉ፣ ወደ ፈተናው ግቢ በሚሄድበት ዋዜማ ምሽት ልጇ ደብተሩን አጥፎ እንዲተኛ መብራቱን ብታጠፋለት የምትሠራው ሥራ ያው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የተደከመበትን ፍሬ ከጤዛ ትሸፍናለች።